«በእኔ ጥረት» የሚለው ደብዳቤ

ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ! ሆዴን እኮ አመመኝ። ዋናው ጉድ ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገራችሁ።

አንድ ፖለቲከኛ ነበረ አሉ፣ ቤልጅግ አገር፣ ዋርደም በምትባል፣ ጀልባ የሚመላለስበት ቦይ ዳር ባለች ከተማ። ስሙ ኦመር ነው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ ሀብትም ትልቅ ዘመድም አልነበረውም። የነበረው አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ብቻ ነው፤ እሱም ብራስልስ፣ የመንግሥት ደብዳቤ ሁሉ በሚያልፍበት መዝገብ ቤት ይሠራል።

በዚያ አገር ፖለቲከኛ ቅዳሜ ጠዋት ቢራ ቤት ጓዳ ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል። ሰው ይሰለፍና አንድ በአንድ እየገባ ችግሩን ይነግረዋል። አንዷ የሟች ባሏ ጡረታ ዘግይቶባታል፣ አንዱ የባቡር ሥራ ይፈልጋል፣ ሌላው ስልክ ይግባልኝ ይላል። ኦመርም ፂሙን እያሻሸ «ለእኔ ተዉት» ይላቸዋል።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም አያደርግም! ማመልከቻው በራሱ ተራ፣ በራሱ ጊዜ ያልቃል። ጓደኛው ግን የተፈቀደላቸውን ሰዎች ስም የመንግሥት ደብዳቤ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም አድርጎ ሹክ ይለዋል። ኦመርም እየሮጠ ይጽፋል፦ «ነገ የሚደርስዎ ነገር በእኔ ያላሰለሰ ጥረት የተገኘ መሆኑን ስገልጽልዎ ደስታ ይሰማኛል።» በማግስቱ እውነትም የመንግሥቱ ደብዳቤ ዱብ! ታዲያ ሰው እንዴት አይወደው? እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ ጥንቸሉ ደጁ ላይ ይቆለላል። ልጃቸውን ኦመር ብለው የሰየሙም አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የከተማ ምክር ቤት ገባ፣ ከንቲባ ሆነ፣ ፓርላማ ገባ፣ በመጨረሻም ሚኒስትር ተባለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ! መጀመሪያ አካባቢ ሰው እጁን ጨብጦ ሲመርቀው አንገቱን ይደፋ ነበር። ኋላ ኋላ ግን ራሱም አመነው። «እኔ ባልኖር ይህች ከተማ ምን ይውጣት ነበር?» ይላል መስታወት ፊት ቆሞ፣ ያውም ከልቡ።

ሚኒስትር ከሆነ ወዲህ ደብዳቤውን በገፍ አሳተመው። ለጡረታም ያው ነው፣ ለሥራም ያው ነው፤ የሚቀረው ስም መሙላትና መፈረም ብቻ።

ምርጫ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ያ ጓደኛው ሥራውን ለቀቀ። በእሱ ቦታ የተተካው ሰው «የዋርደም ሰዎች ስም ያለበት ዝርዝር ሁሉ ለሚኒስትሩ ይላካል» መባሉን እንጂ ሌላ ነገር አያውቅም። ያገኘውን ላከ።

ኦመር ዝርዝሩን ሲያይ ከወንበሩ ዘለለ። «ሰማንያ ሦስት ቤተሰብ በአንዴ! ምርጫው አለቀ በይው!»

«ምን ተፈቅዶላቸው ነው?» አለችው ሚስቱ ጎደሊቭ።

«ምን አስጨነቀሽ? የተፈቀደ ተፈቅዷል። እኔ ልፈርም፣ አንቺ ፖስታው ላይ ስም ጻፊ።»

የዝርዝሩን ርዕስ ያነበበ የለም። በማግስቱ የመጣው የመንግሥት ደብዳቤ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቦዩ ለትልልቅ ጀልባዎች ስለሚሰፋ ዳሩ ላይ ያሉት ሰማንያ ሦስት ቤቶች ይፈርሳሉ።» እግዚኦ! ሰዉ በአንድ እጁ የማፍረሻ ትእዛዝ፣ በሌላው እጁ «በእኔ ያላሰለሰ ጥረት» የሚል የኦመር ፊርማ ይዞ ቀረ!

ቅዳሜ ቢራ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ኦመር ወሬውን አልሰማም። ሊመሰገን ነበር የመጣው፣ አዲስ ከረባት አስሮ። የባቡር ሠራተኛው ካሚል ሁለቱንም ወረቀት አፍንጫው ሥር አስጠጋለት።

«ይህን ያደረግህልን አንተ ነህ?»

ኦመር አነበበ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አደረግሁ ቢል ቤታቸውን ያፈረሰ እሱ ነው። አላደረግሁም ቢልስ? ያን ሁሉ ዓመት ምን ሊለው ነው? ላቡ ባዲሱ ከረባት ላይ ተንጠባጠበ።

«እኔ አይደለሁም!» አለ በመጨረሻ። «እናቴ ትሙት! ስማችሁን ቀድሜ ሰማሁ እንጂ እኔ ምንም አላደረግሁም!»



«ቆይ ቆይ» አለ ካሚል ቀስ ብሎ። «የእኔስ የባቡር ሥራ?»

ኦመር መሬት መሬት አየ። «ፈተናውን ያለፍከው አንተው ነህ።»

«የእኔስ ስልክ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ተራህ ደርሶ ነው።»

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ ሥጋ ሻጩ። «ልጄን እኮ ኦመር ብዬዋለሁ! አሁን ምን ብዬ ልጥራው?»

ከዚያማ ስድቡ እንደ በረዶ ወረደ። ቀጣፊ ያለው አለ፣ ቤት አፍራሽ ያለው አለ፤ ባርኔጣውን ወስዶ የረገጠበትም አለ። ኦመር እንባው መጣ። «ምን ዓይነት ግፍ ነው! ቦዩ ይስፋ ያልኩት እኔ አይደለሁም! ላላደረግሁት ነገር ለምን ትረግሙኛላችሁ?»

ምርጫውስ አትሉም? በዚያ አገር ድምፅ ሳይሰጡ መቅረት ያስቀጣል። ስለዚህ የታመመው ሳይቀር ተደግፎ ወጣ፣ ኦመርም ወደቀ፤ ዳግመኛም አልተነሣም።

ወገኖቼ፣ ያልሠሩበትን ምስጋና መቀበል ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሰው ሥራ የእኔ ነው ብሎ የፈረመ፣ የሰው ጥፋት ሲመጣ «የእኔ አይደለም» ቢል ማን ይሰማዋል? እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሌላው ደክሞበት እናንተ ዝም ብላችሁ የተመሰገናችሁበት ነገር የለም?

ዋናው ጉድ ያልኳችሁ ይኸው መጣ። ኦመር «ለምን ትረግሙኛላችሁ» ሲል አሮጊቷ ማዳም ዜልማ ዱላዋን ተደግፋ ተነሣች። ቤቷ ከሚፈርሱት አንዱ ነው፤ የባሌን ጡረታ ያስፈቀደልኝ እሱ ነው ብላም ከዚያ ወዲህ ስትመርቀው የኖረች ናት። እሷም እንዲህ አለችው፦

«አንተ ኦመር፣ ላላደረግኸው ስንመርቅህ ሠላሳ ዓመት ዝም ብለሃል። አሁንም ላላደረግኸው ስንረግምህ ዝም በል።»