ማማውን የያዘው

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ ትርሲት፣ ፊትሽን አታጨማድጂ፤ ጥያቄሽን ሸሽቼ ተረት መጀመሬ አይደለም። «ፕሮግራሙ ምሰሶው ሳይያዝ የሚቆምበትን የመጉበጫ ርዝመት ራሱ አውጥቶ ሰጥቶኛል፤ ታዲያ ለምን ቁጥሩን አጥፍተሽ በእጅሽ ሙዪ ይሉኛል?» ነው ያልሽኝ። መልሱን ባጭሩ ልነግርሽ እችላለሁ፤ ግን ባጭሩ የነገርኳቸው ሁሉ ረስተውታል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ለጊዜው ተይውና ስሚኝ።

ገበሬው ሀብታም ነበር፤ ማሳው ያለው ከአንድ ኮረብታ ጀርባ ነው። ሚስቱን ያመጣት ከኮረብታው ማዶ፣ ከሐይቅ ዳር ነው። ሴትዮዋ ሥራ አይከብዳትም፣ ክፉ ቃል አይወጣትም፤ ግን ውሃ ሳታይ በዋለች ቁጥር ከፊቷ ላይ አንድ ነገር ይቀንስ ነበር። ዘመዶቿን ጠይቃ ስትመለስ ደግሞ ይብስባታል። ብዙ ቀን ዝም ትላለች፤ ሲያናግሯት ከሩቅ እንደተጠራ ሰው ቀስ ብላ ነው የምትዞረው። ባሏ በጣም ይወዳት ነበር። አንድ ቀን ሄዳ እንዳትቀርበት ፈራ።

እንዲህ እያሰበ፣ ማሽላ ከሚጠብቅበት ማማ ላይ ተቀምጦ ወፍ ሲያባርር ሐሳብ መጣለት። ማማው ከኮረብታው ቢበልጥ ሐይቁ ይታያል። ሥራዋን ስትጨርስ ትወጣለች፣ ውሃዋን አይታ ትወርዳለች፣ እዚሁ ትኖራለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲያርስም ሲበላም የሚታየው ይህ ማማ ብቻ ሆነ።

የአገሩ ባሕር ዛፍ ግን ረጅምና ቀጭን ነው። አጭር እንጨት ብዙ ይሸከማል፤ ያው እንጨት ሲረዝም ገና ሳይደቅ ወገቡ ላይ ይጎብጣል ብለው ጎረቤቶቹ አስጠነቀቁት። ሰውዬው ሞኝ ስላልነበረ ሞከረው። አንድ ረጅም እንጨት ከጎተራው ጎን አቁሞ እግሩን ቀበረ፤ አናቱ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አሰረው፤ ከዚያ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫነበት። እንጨቱ እንደ ደጋን ጎበጠ። ድንጋዩን አወረደና አንድ ጎረቤቱን ጠርቶ መሃሉን እንዲይዝለት ለመነው። ጎረቤትየው እጁን ዘርግቶ ያዘ። አሁን ያው ድንጋይ ተመልሶ ቢጫን፣ ሌላም ቢጨመርበት፣ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለመያዝም ብዙ ጉልበት አልፈጀም።

ገበሬው ደስ አለው። መሃሉ ከተያዘ ረጅሙ እንጨት ሁለት አጭር እንጨት ነው ማለት ነው ብሎ ደመደመ። ይህ እውነት ነው ትርሲት፤ የተሳሳተው እዚህ ላይ አይደለም።

አራት ረጃጅም እንጨት አቆመ። መሃል ለመሃል በአግዳሚ እንጨት አያያዛቸው። መጋጠሚያውን ሁሉ በእርጥብ ጠፍር አሰረው፤ ጠፍሩም ሲደርቅ እንደ ብረት ጠበቀ። ከላይ ርብራብ ሠራ፤ ጥላ አበጀለት፤ ለሚስቱ መቀመጫና የምትጠጣበት እንስራ ሳይቀር አወጣላት። ጠዋት ጉም ሲሆን እግሮቹ አይታዩም፤ መቀመጫው ብቻ ሰማይ ላይ ተንሳፎ ይታይ ነበር።

ሲያልቅ ገበሬው ቀድሞ ወጥቶ ከላይ ጠራት። ሐይቁ ከሰማዩ ሥር አንድ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሚስቱ በመሰላሉ ወጣች፤ መሃል ስትደርስ ቆመች። እጇን አግዳሚው ላይ አድርጋ ጠበቀች። ማማው የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ፣ በቀስታ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ይመለሳል። አራቱም እንጨቶች አብረው ነው የሚሄዱት።

ውረድ አለችው። እሱም ከላይ ሆኖ አንድ ቋጠሮ እንኳ እንዳልላላ አስረዳት። ቋጠሮዎቹን ዳሰሰቻቸው፤ እውነቱን ነው፣ አልላሉም።

«እኛ አገር» አለችው፣ «ታንኳዎቹን እርስ በርስ አስረን ከዳር ሳናስራቸው ያደርን እንደሆነ፣ ጠዋት አናገኛቸውም። አንዱ ከሌላው አይለይም። አንድ ላይ ነው የሚሄዱት።»

ሰውዬው ነገሩ አልገባውም፤ ከፋውም። ያን ሁሉ የደከመው ለእሷ ነው። ሆኖም ወርዳ ከታች ስትጠብቀው እሱም ወረደ፤ ሐይቁን ብቻውን ቢያየው ምን ያደርግለታል?

ከሰዓት በኋላ ከማዶ ነፋስ መጣ። ኃይለኛ አልነበረም። ማማው ዘንበል አለ፤ አልተመለሰም። አራቱም በአንድ ጊዜ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ጎበጡ፤ ማማውም እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ቀስ ብሎ ማሽላው ላይ ተኛ። ድምፅ ያሰማው እንስራው ብቻ ነበር። ባልና ሚስቱ ሄደው ሲያዩ አንድም ቋጠሮ አልተፈታም።

ገበሬው ጠፍሩን እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ጎረቤቱ ትዝ አለው። ያ ሰው እንጨቱን ሲይዝለት እግሩ መሬት ላይ ነበር። እሱ የሰውየውን እጅ ቆጠረ፤ እግሩን ግን አልቆጠረም።

ሌላ ማማ ሠራ። በዚህኛው ከየአግዳሚው ወደ መሬት የሚወርዱ ሰያፍ እንጨቶች በየጎኑ ጨመረ፤ እግራቸውንም ጥልቅ አድርጎ ቀበረ። ሚስቱ መሃል ላይ ቆማ እጇን አሳረፈች፤ ጠበቀች፤ ከዚያ ወጣች። ስትወርድ ዝም አላለችም። ስለ አባቷ ታንኳ እያወራች አመሸች፤ እሱም እያዳመጣት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

ትርሲት፣ ያ የወደቀው ማማ አንቺ የምትነድፊው አዳራሽ ነው። ምሰሶዎችሽ መሃል ላይ አግዳሚ ብረት አላቸው። ፕሮግራሙ መገናኛውን ሲያይ ምሰሶውን ለሁለት ከፍሎ በግማሽ ርዝመት ቆጠረልሽ። አልዋሸሽም፤ እሱ የሚያየው እጅ ለእጅ መያያዛቸውን ነው። አሁን ሥዕሉ ላይ አግዳሚውን በጣትሽ ተከተዪው። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ይወስድሻል፤ ጫፉ ላይ ሰያፍ የለም፣ ግድግዳ የለም። አየሽ? ታንኳ ከታንኳ ጋር ነው የታሰረው። እንዲህ ያለ ምሰሶ መሃሉ እንዳልተያዘ ነው የሚቆጠረው፤ አናቱም ልቅ ከሆነ የሚቆጠረው ርዝመት ከገዛ ቁመቱ ይበልጣል።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎች ምሳ ሊበሉ ነው፤ ሥዕሉ ላይ የምትፈርሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። ስለዚህ ተመለሺና እያንዳንዱ መገናኛ ላይ ጣትሽን አሳርፊ። ይህን የያዘው፣ እግሩ የት ነው ብለሽ ጠይቂ። መሬት ድረስ ወርደሽ ካገኘሽው ግማሹን ርዝመት ጻፊ። ካላገኘሽው፣ ሰው ከሥሩ ሳይቀመጥ የፕሮግራሙን ቁጥር አሁኑኑ አጥፊው።