የአባ ዕንባቆም አራት ፊደላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ዓለምን «ይሁን» በምትል አንዲት ቃል ያስገኘ ጌታ ለተናጋሪው ልጓም፣ ለሰሚው ትዕግሥት ይስጥ።

የድጓ መምህሩ አባ ዕንባቆም አንዲት ነገር ፈለጉ፤ ለደቀ መዝሙራቸው ለኅሩይ ቡራኬ መላክ። ኅሩይ በሩቅ ደብር፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት ድጓ ሊያስመሰክር ነው፤ «የኔታ፣ ቡራኬዎ ሳይደርሰኝ ከመምህራኑ ፊት አልቆምም» ብሎ ልኳል። የአባ ጉሮሮ ታሞ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አያልፍም፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ በጽሑፍ ብቻ በሚያነጋግረው ኮምፒውተር ላይ ለየረጅሙ ትእዛዝ የአንዲት ፊደል ስም አወጡለት፤ ግ ለማስገባት፣ ክ የመነጋገሪያውን ክፍል ለመክፈት፣ ጥ ለመጥራት፣ ቡ ቡራኬ ለመላክ።

«ይህማ የድጓ ምልክት ነው!» አሉ ተደንቀው። «አንዲት ፊደል ከቃሉ ራስ ላይ ተቀምጣ ሙሉውን ዜማ ትጠራ የለምን?»

«ቡ ሆይ፣ ባርኪ» አሉ።

ቡም «ጥ ኅሩይን ካልጠራችው ማንን ልባርክ?» አለች።

ወደ ጥ ሄዱ። «ጥ ሆይ፣ ጥሪ፤ ቡ አልባርክም ብላለች።»

ጥም «ክ ክፍሉን ካልከፈተች የት ቆሜ ልጥራ?» አለች።

ወደ ክ ሄዱ። «ክ ሆይ፣ ክፈቺ፤ ጥ አልጠራም ብላለች፤ ቡ አልባርክም ብላለች።»

ክም «ግ ካላስገባችኝ በየት በኩል ልክፈት?» አለች።

ወደ ግ ሄዱ። «ግ ሆይ፣ አስገቢ፤ ክ አልከፍትም ብላለች፤ ጥ አልጠራም ብላለች፤ ቡ አልባርክም ብላለች።»

ግም አንገቷን ደፍታ «እኔስ ያለ ቡራኬ እግሬን አላነሣም፤ ቡ ትቅደም» አለች።

አባ ወደ ቡ ተመለሱ። ቡ ወደ ጥ፣ ጥ ወደ ክ፣ ክ ወደ ግ፣ ግ ወደ ቡ ላከቻቸው። ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ልትጠይቃቸው የመጣችው የእኅታቸው ልጅ ትርሲት ከበሩ ላይ ቆማ «አባ፣ ደግሞ ከማሽኑ ጋር ሙግት ገጠሙ?» አለች።

«ልጄ፣ አራቱ ተማክረው ያዞሩኛል።»

ትርሲት ጎንበስ ብላ የጻፉትን አነበበች፤ ሳቋን አፈነች። «ግ ላይ ‹አስቀድሞ ቡ› ብሎ ያዘዘ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ! ሥራ ያለ ቡራኬ ይጀመራል እንዴ?»

«አይጀመርም። ግን እርስዎ ቁጭ ብለው ሳሉ ፊደሏ ትባርክ?»

አባ «አስቀድሞ ቡ» የሚለውን ፋቁት፤ መስቀላቸውን አንሥተው በዚያች በሹክሹክታቸው ባረኩ።

«በይ፣ አሁን አስገቢ።»

ግ አስገባች፤ ክ ከፈተች፤ ጥ ጠራች፤ ቡ ባረከች። ከሩቁ ደብርም አንዲት መሥመር መጣች፦ «የኔታ፣ ደረሰኝ። ልቆም ነው።»

የሰማችሁ ሁሉ፣ መግቢያችሁን ያቅናላችሁ፤ ከበር ላይ ከመዞር ይሰውራችሁ፤ የጠራችሁት ይስማችሁ። አሜን።