ቅቤ የጠጣው በገና

አንድ ሰው ነበረ። ዓይነ ስውር አባት ነበሩት። አባትየው በገና ደርዳሪ ነበሩ፤ በገናቸውን አቅፈው ካልደረደሩ የጸለዩ አይመስላቸውም። አንድ ክረምት ምስጥ በገናውን በላባቸው። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ዝም አሉ። እህል ሲቀርብላቸው «ይቅርብኝ» ይላሉ፤ ሰው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ልጅየው አባቱን ቁጭ ባሉበት ሊያጣቸው መሆኑን አየና ፈራ።

ሰውየው እጁ ብልህ ነበር። አዲስ በገና ሊሠራላቸው ከጓሮው ዋንዛ ቆርጦ አደረቀ፤ ጠረበ፣ ቦረቦረ፤ የበሬ ቆዳ ወጠረበት፤ የበግ አንጀት ፈትሎ አውታር አበጀለት። ጎረቤቱ ሁሉ እያየ አደነቀ። አባቱ ግን አንዴ ነካ አደረጉትና መለሱለት።

«ድምፅ የለውም ልጄ። ምናልባት ጆሮዬም አርጅቶ ይሆናል።»

ልጅየው ጥፋቱን በእንጨቱ ላይ ጣለ። መቼም እኛ ሰዎች እንዲህ ነን፤ ነገር አልሆን ሲለን ዓይናችን ትልቁ ላይ ያርፋል። ያን የመሰለ ዋንዛ ፈልጦ ማገዶ አደረገውና ሩቅ አገር ሄዶ የዝግባ ግንድ ይዞ መጣ። እንደገና ጠረበ፣ እንደገና ወጠረ። ሁለተኛውን በገና ለአባቱ ሲሰጥ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። ሽማግሌው በገናውን ተቀብለው አቀፉ፤ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«በጾም በቤቴ ቅቤ ምን ይሠራል?»

ልጅየው ደነገጠ። «ቆዳውን ለጋ ቅቤ ቀብቼው ነው አባባ። እጅዎን እንዳይሻክርዎት ብዬ። የፊተኛውንም እንደዚሁ ቀብቼው ነበር።»

ሽማግሌው ሳቁ። በዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ቆይቶ ነበር። «አንተ ልጅ! ቅቤውን በፋሲካ ራሴን ትቀባኛለህ። ቆዳ ከጠጣው ግን ድምፁን ይውጠዋል። የበገና ቆዳ የሚናገረው ደርቆ ነው» አሉት።

ልጅየው ያንን ቆዳ ገፎ ጣለ። ሌላ ወጠረበትና ምንም ሳይቀባ አደረቀው። አባትየው ሲደረድሩት ቤቱ ነዘረ። ልጅየው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እፎይ አለ፤ አለቀሰም። ሽማግሌው ጨርሰው «የሚበላ ነገር የለም እንዴ? ራበኝ» ሲሉ ሰማ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ትርንጎ። «የበገና ድምፅ የሚያምረውም የሚበላሸውም በተሠራበት ነገር ነው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አዎ፣ ነው። እንጨቱም፣ ቆዳውም፣ አንጀቱም የየራሱን ይሰጣል፤ ሁሉም አንድ ነው የሚልሽን አትስሚው። ነገር ግን ሟች ወንድምሽ የሠራልሽን በገና «ባሕር ዛፍ ስለሆነ ነው የማይጮኸው» ብለሽ ልትጥዪው መነሣትሽን ስሰማ ሆዴ ባባ። ለስለትሽ ቀን እንዲያብረቀርቅ ብለሽ ቆዳውን ሳይቀር ቫርኒሽ የቀባሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ? ሰውየው ቅቤ አጠጣው፤ አንቺ ደግሞ ቫርኒሽ አጠጣሽው። ሁለታችሁም በፍቅር ያደረጋችሁት ነውና አልቆጣሽም። ቆዳውን አስገፍፈሽ ሌላ አስወጥሪበት፤ ለስለትሽ ይደርሳል። በይ እንባሽን ጥረጊ፤ የወንድምሽ እንጨት ምንም አልሆነም።