ከየእሳቱ አንዱ የተማሪ ነው

ቀረብ ብላችሁ ተቀመጡ። ይህ ነገር የሆነው እኔም እናንተም ሳንታሰብ፣ መንደራችን ወይራ ግርጌ ገና ሃያ ጎጆ ሳለች ነው። ያዩት ለልጆቻቸው ነገሩ፤ ልጆቻቸው ለእኛ ነገሩ። እኔም እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ።

በዚያ ዘመን እንጉዳይ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ያላት አንዲት ሴት ልጅ ናት፣ ጥጊቱ የምትባል። ቤቷ ከመንደሩ ውጭ፣ ከወንዙ ዳር ነበር። ወዳ አይደለም፤ ሸክላ ሠሪ ከሰው መሃል አይቀመጥም ስለተባለ ነው። አገሩ በእሷ ድስት ወጡን ይሠራል፣ በእሷ እንስራ ውሃውን ይቀዳል፣ በእሷ ጋን ጠላውን ይጠምቃል። እሷን ግን ቡዳ ናት ይላታል። ገበያ ላይ ዕቃዋን ሲወስድ እጇን እንዳይነካ ብሎ፣ “ከመሬት አስቀምጪው” ይላታል። እንጉዳይም ከመሬት ታስቀምጣለች።

አንድ ዓመት የኔታ ላቀው የሚባሉ መምህር ከሩቅ አገር መጡ። ከትልቁ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ለመንደሩ ልጆች ፊደል ማስቆጠር ጀመሩ። ጥጊቱ ሰማች። “እማዬ፣ እኔም ልቁጠር” አለች። እንጉዳይ ልጇን አጥባ፣ ጸጉሯን ሠርታ ወሰደቻት።

የመንደሩ ጭቃ ሹም ደርሰህ የሚባል ሰው ነበር። እንዳያት ተነሣ። “የእሷ ልጅ ከልጆቻችን ጋር ከተቀመጠች የእኛ ልጆች ይወጣሉ” አለ።

የኔታ የሚበሉት ከእነዚያው ሰዎች ቤት ነበር። አንገታቸውን ደፉ። እንጉዳይ ልጇን ይዛ ተመለሰች።

ጥጊቱ ግን አልተወችም። በየቀኑ ዋርካውን ከከበበው አጥር ውጭ ትቀመጣለች። ልጆቹ ሲጮኹ ትሰማለች። ማታ ቤቷ ገብታ፣ እናቷ ያበጀችው ድስት ሳይደርቅ በስንጥር ትጽፍበታለች። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። ከልጆቹ ጋር አትቀመጥም፤ ሲጠማት ግን እነሱ ከሚጠጡበት ኩሬ ትጠጣለች። ከብቱም ከዚያው ይጠጣል።

በሰኔ ተስቦ ገባ። በአንድ ወር ሰባት ልጆች ሞቱ። አምስተኛዋ ጥጊቱ ነበረች።

ለቀብሯ ከመንደሩ የወጣ ሰው የለም። ሦስት ሸክላ ሠሪ ሴቶችና የኔታ ላቀው ብቻ ቆሙ። አፈር ከለበሰች በኋላ የኔታ፣ “ኩሬው ነው፣ እንጉዳይ። ልጆቹን የጨረሰው ኩሬው ነው” አሉ።

እንጉዳይ ከቀብር ሄዳ ጭቃ መርገጥ ጀመረች። ከሦስቱ ሴቶች ብርቄ የምትባለው ባልንጀራዋ አየቻት። “ምን ልትሠሪ ነው?” አለቻት።

“ጋን። ለተማሪዎቹ የምንጭ ውሃ ማስቀመጫ።”

“ልጅሽን ያባረሩትን ውሃ ልታጠጪ ነው?”

“ክፋታቸውን እኔ አልችለውም፣ ብርቄ። ውሃውን ግን እችለዋለሁ።”

ጋኑ ደርቆ ተተኮሰ። አራቱ ሴቶች በቃሬዛ ተሸክመው ከዋርካው ሥር አቆሙት። ከላይኛው ምንጭ እየቀዱ ሞሉት። ልጆቹ ግን አልጠጣም አሉ። እናቶቻቸው፣ ከቡዳ ጋን የጠጣ ይጠፋል ብለዋቸዋል።

የኔታ በቅል ቀድተው ጠጡ። “ካደርኩ ነገ ትጠጣላችሁ” አሏቸው።

በነጋው የኔታ ከቦታቸው ተቀምጠው ተገኙ። ልጆቹ ጠጡ። ከዚያ ወዲያ ተስቦ ከዋርካው ሥር ልጅ አልወሰደም። እንጉዳይም በየማለዳው ጋኑን ትሞላ ነበር። ማንም እግዜር ይስጥሽ አላላትም።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሦስተኛው አንበጣ መጣ። ማሳውን ግጦ አፈሩን ጥሎት ሄደ። መንደርተኛው ለየኔታ የሚሰጠው አጣ። የኔታ ዳዊታቸውን በማኅደሩ ከትተው ለመሄድ ተነሡ።

እንጉዳይ ይህን ሰማች። ሦስቱን ባልንጀሮቿን ሰበሰበች። “ቆላ ወርደን እንሽጥ” አለች። የሁለት ቀን መንገድ ነው። በቆላው ገበያ የድስት ዋጋ ድስቱ የሚይዘው እህል ነው። ማሽላ ሞልተው ለሻጯ ይሰጧታል፤ እህሉን በስልቻ ይዛ ድስቱን ትታ ትመጣለች። “ሸክላ በተኮስን ቁጥር ከየእሳቱ አንድ ዕቃ ለተማሪዎቹ እንለይ” አለች። “ስንት ቢወጣ፣ ከየእሳቱ አንድ።”

ሴቶቹ እሺ አሉ። ወረዱ፣ ወጡ። ወረዱ፣ ወጡ። የኔታም መሄዱን ትተው በሚመጣው ማሽላ ንፍሮ እየቀቀሉ ልጆቹን ያበሉ ነበር። መንደሩ ውስጥ ጭስ የሚታየው ከዋርካው ሥር ብቻ ሆነ። እስከዚያ ልጁን ያላስተማረ ሁሉ ልጁን ሰደደ። እህሉ ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። የጠየቀ ግን የለም።

በሦስተኛው ጉዞ ብርቄ ዳገቱ ላይ ወደቀች። ከዚያ አልተነሣችም። ምድሩ ድንጋይ ነበርና መቆፈር አልቻሉም፤ ድንጋይ ከመሩባት። እንጉዳይ የብርቄን ሸክም በራሷ ሸክም ላይ ደርባ ወጣች።

ከዚያ ደግሞ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ። ዕቃው እሳት ላይ ሳለ ወረደበት። ሲያነሡት ሁሉም ተሰንጥቋል። አንድ ማሰሮ ብቻ ደኅና ወጣች። ዘነቡ የምትባለው ባልንጀራዋ፣ ሦስት ልጆች የነበሯት፣ ማሰሮዋን አቀፈች።

“ይቺስ የእኛ ናት” አለች። “ልጆቼ ካልበሉ ሦስት ቀናቸው።”

እንጉዳይ ግን፣ “ልጆችሽን ወደ ዋርካው ስደጃቸው” አለቻት። “ከየእሳቱ አንድ ነው ያልነው። አንድ ከተረፈ አንዱ የተማሪዎቹ ነው።”

“የሸክላ ሠሪ ልጅ ያበላሉ?”

“እንጠይቃለን።”

ሄዱ። የኔታ ልጆቹን አዩ፤ ማሰሮዋን አዩ። ጥጊቱን አስታወሱ። “ያኔ አንገቴን ደፍቼ ነበር” አሉ። “አሁን ከፊት ይቀመጡ።” የተቃወመ አልነበረም፤ ለመቃወም አቅም ያለው ሰው አልነበረም። እንጉዳይ ያን ሰሞን የሳማ ቅጠል ቀቅላ በላች።

ክፉው ቀን አለፈ። እህል በቀለ። ሰው ሲጠግብ ጉልበቱም ክፋቱም ተመለሰ።

ጭቃ ሹም ደርሰህ ውድነሽ የምትባል ልጅ ነበረችው። የኔታ ዘንድ ዳዊት ደርሳለች። በጥቅምት ታመመች። ትኩሳቱ አናቷ ላይ ወጣ። ዓይኗን ከድና፣ “የእንጉዳይን... የእንጉዳይን...” ትል ጀመር። የተሰበሰበው ሁሉ ሰማ። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ይጠራል ይባላልና፣ ሌላ ምስክር አልፈለጉም።

ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወረዱ። ለገበያ የተደረደረውን ሸክላ ሰባበሩ። ቤቷን አቃጠሉ። የኔታ ሮጠው መጥተው ከፊታቸው ቆሙ፤ አንዱ በድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። እንጉዳይ አላለቀሰችም። አልተማጸነችም። አንድ ነገር ብቻ አለች።

“ጋኑን ተዉት። ልጆቹ ወደ ኩሬው ይመለሳሉ።”

አልሰሟትም። ወደ ዋርካው ወጥተው ጋኑንም ሰበሩት።

እንጉዳይ ወንዙን ተሻግራ፣ አፈር ከምትቆፍርበት ገደል አጠገብ ጎጆ ቀለሰች። ሁለቱ ባልንጀሮቿ ተከተሏት። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ መንደሩ ለንግሥ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሲመለስ፣ ከዋርካው ሥር አዲስ ጋን ቆሟል። ውሃ ሞልቷል። ከአጠገቡ አንድ ድስት ማሽላ አለ። ከዚያም በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ዕቃ እህል ከአጥሩ ሥር ይገኝ ጀመር።

ውድነሽ ዳነች። አፏን ስትፈታ አባቷ ተቀምጦ ነበር።

“እንጉዳይ ምን አደረገችሽ?” አላት።

“ምን ታደርገኛለች? ጠምቶኝ ነበር። ከእሷ ጋን ውሃ አምጡልኝ ብዬ ነው።”

ጭቃ ሹም ደርሰህ ይህን ሰምቶ ወጣ። ለማንም አልተናገረም። ሄጄ ይቅር በይኝ ልበላት ይላል፤ ዛሬ ከብት አለብኝ ይላል። ነገ ይላል። ሀፍረት እግር ያስራል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በዚህ መካከል አንድ አሥራ አምስት ቀን ሞላ፤ ከአጥሩ ሥር ምንም አልተገኘም። የኔታ ተማሪዎቹን አስከትለው ወንዙን ተሻገሩ። ሁለቱ ሴቶች ገደሉ ሥር በጥፍራቸው አፈር ይጭራሉ። ገደሉ እንጉዳይ ላይ ተንዷል።

ተማሪዎቹ ሁሉ ቆፈሩ። ውድነሽ ከሁሉ ፊት ቆፈረች። አባቷም ሰምቶ መጣ፤ እሱም ቆፈረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አገኟት። መቆፈሪያዋን እንደጨበጠች ነበር።

እዚያው ቀበሯት። ጭቃ ሹም ደርሰህ በዘነቡ ፊት ቆመ። “ምን እናድርግላት?” አላት።

“በቁሟ ሳለች ነበር መጠየቅ” አለችው ዘነቡ። 

እሱም ተመልሶ፣ በዚያ ዓመት ከአውድማው አንድ ቁና ለየና በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ዋርካው ሥር አደረሰ። ሸማኔው አየና ከሸማው ለየ። ቆዳ ፋቂው አየና ለዳዊት ማኅደር ቆዳ ለየ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ።

ዛሬ ዋርካው በነበረበት ትምህርት ቤት ቆሟል። ባለወፍጮው በወር አንድ ቀን የሚፈጨው ለትምህርት ቤቱ ነው። አናጢው ከሚሠራው ወንበር አንዱን ለዚያው ያወጣል። አዲስ ሱቅ የሚከፍት ሰው፣ “ገበያ ይቅናህ” ከመባሉ በፊት፣ “የእንጉዳይን አወጣህ?” ተብሎ ይጠየቃል። ያላወጣውን “እሳቱን ለብቻው ሞቀ” ይሉታል፤ ለወይራ ግርጌ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

መቃብሯን አሳየን ብትሉኝ አላሳያችሁም። ገደሉ በየክረምቱ ይናዳል፤ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው የለም። የሚሰጠው ሰው ሁሉ ወዶ ይሰጣል ብዬም አልዋሻችሁም። ከፍቅር የሚሰጥ አለ፤ ይበልጡ ከሀፍረት ነው። ልጆቹ ግን ይማራሉ።