ብርቄን ያስቀረች ቅጠል

የዓሣዋን የመስታወት ሳጥን ክዳን አነሳሁት። በአርባ ምንጭ ሙቀት ያላበው ክዳን ጠብ ጠብ እያለ ተንሳፋፊዋን ቅጠል አበስብሷታል። የበሰበሰውን ለቅሜ ጣልኩ። ከስድስቱ ቅጠል ሦስቱ ቀረ። ክዳኑን ገርበብ አድርጌ ተውኩት።

ሳጥኑ የሚስቴ የብርቄ ነው። ልጃችንን ልታርስ ሐዋሳ ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ "ቅጠሏ ውሃውን ስትሸፍን ዓሣዋ እንቁላል ትጥላለች። ያኔ ንገረኝ፣ እመጣለሁ" አለችኝ። ይኸው አራት ወር። ሕፃኗ ክርስትና ተነሣች፤ ብርቄ ግን የለችም።

ዓሣዋን፣ "እባክሽ ጣይ፣ ብርቄ ትምጣ" አልኳት።

"አልጥልም! መሸሸጊያ ቅጠል የታለ?"

ቅጠሏን፣ "ስፊ፤ ዓሣዋ ትጣል፣ ብርቄ ትምጣ" አልኳት።

"አልሰፋም! ፀሐይ መች አየሁ?"

ፀሐይን፣ "ግቢ፤ ቅጠሏ ትስፋ፣ ዓሣዋ ትጣል፣ ብርቄ ትምጣ" አልኳት።

"አልገባም! የጎረቤትህ ሙዝ መስኮትህን ዘግቶታል።"

ሙዙን፣ "ዞር በል፤ ፀሐይ ትግባ፣ ቅጠሏ ትስፋ፣ ዓሣዋ ትጣል፣ ብርቄ ትምጣ" አልኩት።

"አልዞርም! እኔ ሥር እንጂ እንዳንተ እግር የለኝም።"

ቆንጨራዬን፣ "ቁረጥ፤ ሙዙ ዞር ይበል፣ ፀሐይ ትግባ፣ ቅጠሏ ትስፋ፣ ዓሣዋ ትጣል፣ ብርቄ ትምጣ" አልኩት።

"አልቆርጥም! የሰው ሙዝ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ?"

የሙዙ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ አጥሩ ላይ ልብስ ታሰጣለች። ባርኔጣዬን አነሳሁላትና ወደ ሙዙ ጠቆምኩ።

"አላዝም!" አለች እየሳቀች። "ጋሽ ሻንቆ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባርኔጣ ነው የሚያነሱልኝ። ሙዜን ለባርኔጣ አላስቆርጥም። ይናገሩ፣ ምን ፈለጉ?"

አፌን፣ "ተናገር" አልኩት፤ "ድንቅነሽ ትዘዝ፣ ቆንጨራው ይቁረጥ፣ ሙዙ ዞር ይበል፣ ፀሐይ ትግባ፣ ቅጠሏ ትስፋ፣ ዓሣዋ ትጣል፣ ብርቄ ትምጣ።"

"አልናገርም!" አለኝ አፌ። "ለብርቄ ያላልኩትን ለጎረቤት እላለሁ?"

እውነቱን ነው። አርባ ዓመት እሷ ታወራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። በስልክም እሷ ታወራለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ።

ድንቅነሽ ልብሱን ትታ አየችኝ። "ምነው፣ አመመዎት እንዴ?"

"ብርቄ ናፈቀችኝ" አልኩ።

ቃሉ ወጣ። አፌ ተናገረ፣ ድንቅነሽ አዘዘች፣ ቆንጨራው ቆረጠ፣ ሙዙ ዞር አለ፣ ፀሐይ ገባች፣ ቅጠሏ ሰፋች። ከሦስት ስድስት፣ ከስድስት አሥራ ሁለት፣ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩት። አንድ ቀን ጠዋት ጎንበስ ብዬ ሳይ ሥሮቿ መሐል እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ እንቁላል ተለጥፏል።

ድንቅነሽ ለብርቄ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ቅጠሏ ሸፍናለች" አልኩ። "ዓሣዋም ጥላለች።"

"እሰይ!" አለች ብርቄ።

ራሴን ነቀነቅሁ። አፌ ግን አንዴ ተከፍቷል።

"ናፍቀሽኛል" አልኩ።

ብርቄ ዝም አለች። ብርቄ! ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"ነገ እሳፈራለሁ" አለችኝ በመጨረሻ። "አንተ ሰውዬ፣ ይህችን ብትለኝ ኖሮ እኮ በክርስትናው ማግስት መጥቼ ነበር።"