አርባኛው ዱላ

በጥድ አፋፍ የገና ዕለት ሠላሳ ዘጠኝ ሰው ይጫወታል፤ ሜዳው መሐል የሚከመረው ቆልማማ ዱላ ግን አርባ ነው። ዓይናቸውን በመቀነት የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ዱላውን አንድ ወደ ቀኝ፣ አንድ ወደ ግራ እያሉ ሃያ ሃያ አድርገው ይከፍሉታል፤ ሰውም ዱላው በወደቀበት ወገን ይሰለፋል። የጠቆረው የወይራ ዱላ ባለቤት የለውም። እሱ የደረሰው ወገን በአሥራ ዘጠኝ ሰው ይጫወታል እንጂ ጎደለን ብሎ አያማርርም።

አባቶች እንደሚናገሩት ዱላው የቸኮል ነበር። ቸኮል በገና ጨዋታ እንጀራውን የበላ የመጀመሪያው ሰው ነው ይባላል። ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር አንዴ ሲመታት መቶ ሃያ እርምጃ ትሄድ ነበር፤ መቶ ነው የሚሉም አሉ። ይህን የሰሙ የየአገሩ ባላባቶች ለበዓሉ ይቀጥሩት ጀመር፤ አሥራ ሰባት ገና በአሥራ አንድ ሜዳ ተጫውቶ አንድም ቀን አልተሸነፈም። ሲያሸንፍ ግን የሚዘፈነው ለቀጠረው ጌታ ነበርና እሱ ከድግሱ ጥግ ብቻውን በልቶ፣ የተሰጠውን ኩታና እህል በአህያ ጭኖ ይሄዳል። በትውልድ መንደሩ በጥድ አፋፍም አንድ ዓመት ለላይ ቤት፣ ሌላ ዓመት ለታች ቤት ተቀጥሮ ሁለቱንም አሸንፏቸዋል።

ፀጉሩ ሲሸብት፣ ሚስትም ልጅም ሳይኖረው ወደ መንደሩ ተመለሰ። የገና ዕለት ዱላውን ይዞ ወረደ። ላይ ቤቶች ሃያ፣ ታች ቤቶች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

«አንድ ሰው ጎድሏችኋል፤ እኔ ልግባ» አለ ታች ቤቶችን።

«ቀጣሪህ ማን ነው?» አለው አለቃቸው ብጡል።

«ማንም። በነፃ ነው።»

«ወይ ጉድ! የኪራይ በቅሎ በነፃ ልጫን አለች!»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ቸኮል ዳር ቆሞ ዋለ፤ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ።

በአራተኛው ገና ዓይነ ስውሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህር የኔታ ጽጌ ከአጠገባቸው ትንፋሽ ሰሙ።

«ሳይጫወት የሚያለከልከው ማነው?»

«ቸኮል ነኝ፣ የኔታ።»

«የማን ወገን ነህ?»

«የማንም» አለ ቸኮል። የኔታም የሁሉም ዱላ እግራቸው ሥር እንዲከመር አዘዙ።

«እርስዎ ሳያዩ እንዴት ይከፍሉናል?» አለ ብጡል።

«ዓይን ያላችሁትማ አንድ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ቆሞ አላያችሁም።»

ብጡል ዱላውን ክምሩ ላይ ጣለ። ሲከፈልም የእሱና የቸኮል ዱላ ባንድ ወገን ወደቁ። ተጫወቱ፤ የቸኮል ክንድ ዝሎ ነበርና ተሸነፉ። በገና ጨዋታ ጌታም ቢሰደብ አይቆጣምና አሸናፊዎቹ ከበው አወረዱባቸው፦

«እነ ቸኮል ሜዳ ወርደው ምን ሠሩ፣
ሩሯ ስታልፋቸው ቆመው ሲቆጥሩ!»

ብጡል ዞር ሲል ቸኮል ያለቅሳል።

«ምነው ጋሼ፣ ተሸንፈው አያውቁም?»

«ስሜ ተዘፍኖ አያውቅም» አለ ቸኮል፤ ወደ ዘፋኞቹም ጮኸ፦ «ድገሙት!»

ከዚያ ገና ወዲያ ሌላ ገና አላየም፤ በሐምሌ ሞተ። በዓሉ ሲደርስ የወይራውን ዱላ ከቤቱ አምጥቶ ክምሩ ላይ ያኖረው ብጡል ነው ይባላል።

ዛሬም ያ ዱላ ያለበት ወገን ሲያሸንፍ የቸኮል ስም አይነሣም። ሲሸነፍ ግን ስድቡ ስሙ ሳይለወጥ ይዘፈናል፤ ከተሸናፊዎቹም በዕድሜ የሚበልጠው ወጣ ብሎ፣ ስለ አርባኛው፣ «ድገሙት!» ይላል።