ቲኬቱ አልዘጋም ያለ ዕለት

ተረት ልንገራችሁ፤ ላምም በረትም የለበትም፣ ቢሮ ነው።

ስመኝ የምትባል ፕሮግራመር ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ነገ እህቷን መዳር። አለቃዋ ግን «ቲኬትሽ ሳይዘጋ ፈቃድ የለም» አሏት። በዚያ ቢሮ ፕሮግራም ሲበላሽ ቲኬት የሚሉት የብልሽት መዝገብ ይከፈታል፤ ተጠግኖ ሥራ ላይ ሲውል ቲኬቱ በራሱ ይዘጋል። ስመኝ ጠግናለች፣ ሥራ ላይም ውሏል። ቲኬቱ ግን አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ቲኬት፣ ተዘጋልኝ! እህቴን ልዳር!»

«አልዘጋም። ዲፕሎይመንቱ ሥራ ላይ መዋሉን አልነገረኝም።»

የተጠገነውን ሥራ ላይ ወደሚያውለው ወደ ዲፕሎይመንቱ ሄደች። «ዲፕሎይመንት፣ ንገረው እንጂ! ቲኬቱ አልዘጋም አለ፣ እኔም እህቴን አልዳርኩም።»

«እኔማ ልኬያለሁ። ሊንኩ ነው ያላደረሰው።»

በሁለቱ መካከል መልእክት ወደሚያደርሰው ወደ ሊንኩ ሄደች። «ሊንክ፣ አድርስ እንጂ! ዲፕሎይመንቱ አልነገረም፣ ቲኬቱ አልዘጋም አለ፣ እኔም እህቴን አልዳርኩም።»

«በምን ልለፍ? የይለፍ ቃሌ ጊዜው አልፏል። የሚያድሱት ጋሽ ፈንታሁን ብቻ ናቸው፤ የሠሩኝ በስማቸው ነው።»

ጉድ በሉ! የቢሮ ሊንክ በአንድ ሰው ስም! ሰውየው ደግሞ ሥራ ለቀው ቢሾፍቱ ዶሮ ያረባሉ። ስመኝ ደወለች። «ጋሽ ፈንታሁን፣ እባክዎ ያድሱልኝ! ሊንኩ አላደረሰም፣ ዲፕሎይመንቱ አልነገረም፣ ቲኬቱ አልዘጋም አለ፣ እኔም እህቴን አልዳርኩም።»

«የኔ ልጅ፣ መልቀቂያዬን ከከለከሉኝ ስድስት ወር ሆነ። ወረቀቴን ሳላይ ጣቴን አላነሳም።»

ወደ ሰው ኃይል ኃላፊዋ ሮጠች። «እትዬ ጥሩነሽ፣ መልቀቂያቸውን ይስጧቸው! ጋሽ ፈንታሁን አላደሱም፣ ሊንኩ አላደረሰም፣ ዲፕሎይመንቱ አልነገረም፣ ቲኬቱ አልዘጋም አለ፣ እኔም እህቴን አልዳርኩም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «በፈንታሁን ስም ያልተዘጋ ቲኬት አለ። እሱ ሳይዘጋ አልፈርምም።»

«የትኛው ቲኬት?»

«መጀመሪያ ለእሱ የተከፈተው። አሁን አንቺ የያዝሽው።»

ስመኝ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ምነው ልጄ፣ ለቲኬት ይለቀሳል?»

«ለእህቴ ነው እንጂ! እናት የለንም። ሰርጓ ነገ ነው፤ ማን ያለብሳታል?»

«ውይ በሞትኩት! እህቴን፣ እህቴን ስትዪ የፕሮግራመር ቋንቋ መስሎኝ!» ማህተሙን ከመሳቢያ አወጡ።

«ደንቡስ እትዬ?»

«ደንብ እህት አይድርም።»

ማህተሙ ተመታ፣ ወረቀቱ በቴሌግራም ተላከ፣ ጋሽ ፈንታሁን አደሱ፣ ሊንኩ አደረሰ፣ ዲፕሎይመንቱ ነገረ፣ ቲኬቱ ተዘጋ፣ አለቃዋ ፈቀዱ፣ ስመኝም መኪና ተሳፈረች።

በማግስቱ ማለዳ ስትደርስ ሙሽራዋ ቬሎዋን ግማሽ ለብሳ ቆማለች። «የት ቀረሽ?»

«ቲኬቱ አልዘጋም አለ፣ ዲፕሎይመንቱ አልነገረም፣ ሊንኩ...»

«ስመኝ! ነይና ዚፑን ዝጊልኝ!»

ዘጋችላት። ከዚያ ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ።